የተካ ሁለተኛው ምስክርነት

ቡታጅራ ውስጥ ከጓሮ ጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ካያችሁ፣ ያንን ጉድጓድ የቆፈረው ተካ ሊሆን ይችላል። እሱ ራሱ ሲጠየቅ የከተማዋን ግማሽ ጉድጓድ እኔ ነኝ የቆፈርኩት ይላል፤ እኛ ለጥንቃቄ ሲሶውን እንቀበለው። አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ነው። ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ሲጣራ የኖረ ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦም ድምፁን መቀነስ አይሆንለትም።

ሙያውን የተማረው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከአጎቱ ነው። አጎቱ ሲደክም ገመዱን የሚይዝለት ጀማሉ የሚባል የሰፈሩ ሰው ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ተካ ከታች ይቆፍራል፣ ጀማሉ ከላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲ ይስባል። ተካ ገመዱን አንዴ ከሳበው ባልዲው ሞልቷል ማለት ነው፤ ሁለቴ ከሳበው መሣሪያ ላክልኝ፤ ሦስቴ ከሳበው እኔን አውጣኝ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ገመዱ ሦስቴ ተስቦ አያውቅም ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ተሳበ። በቆሼ መንገድ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ዘጠኝ ሜትር ላይ፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ቀይ ገረጋንቲ ሆነ። ገረጋንቲ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፣ ሲነኩት ግን እንደ ቆሎ ይፈስሳል። ተንዶ ተካን እስከ ደረቱ ቀበረው። ጀማሉ ጮኾ ሰፈሩን ሰበሰበ፤ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት በባልዲና በእጅ ዝቀው አወጡት። ክሊኒክ ተወስዶ ሲታይ አንድም አጥንት አልተሰበረም። ምንም አልሆንክም ተባለ። ይህ እውነት የነበረው ግን ከአንገቱ በታች ላለው ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ተካ ጉድጓድ አፍ ላይ መቆም አቃተው። የቦይ ሥራ ያዘ፣ የአጥር ጉድጓድ ቆፈረ፣ ከወገቡ በላይ የሚጠልቅ ሥራ ሲመጣ ወገቤን ያመኛል አለ። እጁ በትንሹም በትልቁም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሚስቱ መንበረ ምን ሆንክ ስትለው፣ «በርዶኝ ነው» ይላል። መንበረ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ የምትሰፋ፣ ከዓይኗ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ የማያመልጥ ሴት ናት። ግን ባሏን ማሳፈር አልወደደችም። በመጋቢት ሙቀት ተነሥታ ጋቢ ትደርብለታለች፤ እሱም እያላበው ተከናንቦ ይቀመጣል።

ባልና ሚስቱ የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ከሰፈራቸው ብዙም አይርቅም፤ ግድግዳው ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ነው። አንድ ዓርብ የጾም ጸሎት ተደርጎ፣ መጋቢ አማኑኤል እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። የዚያን ሰዓት ተካ በእርግጥም ሰውነቱ ቀለል አለው። እሁድ ማይክራፎኑን ጨብጦ፣ «የፍርሃት መንፈስ ለቆኛል፣ ከዛሬ ጀምሮ አልፈራም» ብሎ መሰከረ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሰኞ ጠዋት አንድ ጎረቤት ግቢ ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጎረቤቱን ወገቤን አለው። የእሁዱን ነገር ማን ያንሣው? ተካ ዝም አለ። ዝም ባለ ቁጥር ደግሞ ነገሩ ውሸት እየሆነ ሄደ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከወር በኋላ ግን የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች በግቢው ውስጥ ጉድጓድ ለማስቆፈር ወሰኑ። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ብቅ የምትል እንግዳ ሆናባቸዋለች፤ እናቶች ቢጫ ጀሪካን መሸከም ሰለቻቸው። መጋቢ አማኑኤል ይህንኑ አስታውቀው፣ «ለዚህ ሥራ ጌታ ያዘጋጀው ሰው ደግሞ በመካከላችን አለ» ሲሉ፣ ሦስት መቶ ራስ ወደ ተካ ዞረ። ምን ይበል? እምቢ ቢል ምስክርነቱ ሐሰት መሆኑ ሊታወቅ ነው። እሺ ቢል መውረድ አለበት። ፈገግ ብሎ እሺ አለ፤ መንበረ አጠገቡ ሆና መሬት መሬቱን አየች።

ጉድጓድ ሲጀመር አያስፈራም። የመጀመሪያው ቀን እስከ ጉልበት፣ በማግሥቱ እስከ ደረት ነው። እስከ አምስት ሜትር ተካ እየዘመረ ቆፈረ፤ እውነትም ለቆኝ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ሰባተኛው ሜትር ላይ ዲጂኖው ሲያርፍ ድምፁ ተለወጠ። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ያው ቀይ ገረጋንቲ ነው። ቀና ሲል የጉድጓዱ አፍ ሰፌድ አክላለች። ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳበው።

ጀማሉ እንዴት እንዳወጣው ሁለቱም አያውቁም። «ዲጂኖው ደንዟል» አለ ተካ፣ አፈሩ ላይ ተቀምጦ እያለከለከ። ጀማሉ ዲጂኖውን ወስዶ አሳለው። በማግሥቱ ሰበቡ ወገቡ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ደመናው። ሰማዩ ላይ እጅ የምታህል ደመና እንኳ አልነበረችም።

እዚህ ላይ ተካን የሚያስጨንቀው ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለ መሬት ሲገጥም የሲሚንቶ ቀለበት ታዝዞ፣ ግድግዳው በቀለበት እየተደገፈ ነው የሚወረደው። ማንኛውም ቆፋሪ ያንን ይጠይቃል። እሱ ግን አልፈራም ብሎ የመሰከረ ሰው ነው፤ ቀለበት አምጡልኝ ቢል ምን ይሉታል? እንግዲህ በዚያ ምስክርነት ምክንያት መቃብሩን ሊቆፍር ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ጀማሉ ገመዱን እየጠቀለለ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ስማ ተካ» አለው። «ያን ቀን ገመዱ ሦስቴ ሲሳብ የያዝኩት እኔ ነኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ገመድ በጨበጥኩ ቁጥር ያ ቀን ይመለስብኛል። ለማንም አልነገርኩም፣ ድኛለሁም አላልኩም። አንተ ግን በማይክራፎን ተናገርክ።»

«ያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

ተካ የዲጂኖውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«እንግዲያው ሂድና አስተካክል» አለ ጀማሉ። «የተናገርከው ለሰው ብቻ አይደለም፤ ፈጣሪም ሰምቶሃል። እኔ ደግሞ ያለ ቀለበት አላወርድህም። ገመዱ በእጄ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ተካ ብቻውን መጥቶ ከጉድጓዱ አምስት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። ለወራት ሲጸልይ የነበረው አንድ ጸሎት ነው፤ ጌታ ሆይ ይህን ፍርሃት አውጣልኝ። ያን ዕለት ግን በእናቱ ቋንቋ፣ በጉራጊኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በስምህ ዋሽቻለሁ፣ እፈራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። መብረቅ አልወረደበትም፤ ራእይም አላየ። ለረጅም ጊዜ አለቀሰ። ሲጨርስ ከዘመድ ጋር ተኮራርፎ ከርሞ እንደታረቀ ሰው ልቡ ረጋ አለ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ግን ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን እንዳልሆነ ተሰማው፤ ይህም ከሁለት ዓመት ወዲህ ገና መጀመሪያው ነበር።

እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሣ። መዘምራኑ እልል ለማለት ተዘጋጁ።

«ያን ጊዜ ፍርሃት ለቆኛል ብዬ ነበር» አለ። «አለቀቀኝም። ጉድጓዱ የቆመው በወገቤ አይደለም፣ በደመናም አይደለም። ፈርቼ ነው። ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ።»

ማይክራፎኑ ብቻ ሲያፏጭ ይሰማል። ተካ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፣ መሬት መግባት የማይወደው ሰው። ከፊት ወንበር እትዬ ብርቱካን፣ ከጸሎት የማይቀሩት አሮጊት፣ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔም አምና ጉልበቴ ተፈወሰ ብዬ መስክሬ ነበር» አሉ። «ሁለት ቀን ደህና ነበርኩ። ከዚያ ተመለሰ። እናንተ ደስ ብሏችሁ ነበርና እንዴት ብዬ ልናገር? ይኸው ከዘራውን በር ላይ ደብቄ ነው ስገባ የከረምኩት፣ ልጄ።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ እትዬ ብርቱካንም አብረው ሳቁ። ሳቁ መሳለቂያ አልነበረም፤ ጠባብ ጫማ ያወለቀ ሰው የሚስቀው ዓይነት ነበር። መጋቢ አማኑኤል ዓይናቸውን ጠርገው ተካን አቀፉት። ቀስ ብለውም፣ «ሥራውን ለሌላ ሰው እንስጠው?» ብለው ጠየቁት።

«አይ መጋቢ፣ እወርዳለሁ» አለ ተካ። «እየፈራሁ ነው የምወርደው። ብቻ ጸልዩልኝ። ደግሞ የሲሚንቶ ቀለበት ይታዘዝልኝ፤ መሬቱ ገረጋንቲ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይህን ለምን ቀድመህ አልነገርከንም ሊሉ ፈልገው፣ መልሱን ቀድመው ሰምተውታልና ተዉት።

ቀለበቱ መጣ፤ ሰባተኛው ሜትር ላይ ግድግዳው ተደገፈ። ተካ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «አብረኸኝ ውረድ» ብሎ ጸለየና ገመዱን ጨበጠ። ጀማሉ በየጥቂት ደቂቃው ስሙን እየጠራ ሊያናግረው ተስማምተዋል። «ተካ!» ይላል ከላይ። «አለሁ!» ይላል ከታች። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ባልዲ አፈር ብቻ አወጣ። በማግሥቱ አሥራ ሁለት። ፍርሃቱ በየቀኑ አብሮት ይወርዳል፤ ጌታም እንደዚያው። ተካ ከሁለቱ ጋር ሆኖ ቆፈረ።

አሥራ ሦስተኛው ሜትር ላይ፣ በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ዲጂኖው ሰርጎ ገባ። እግሩ ሥር ጭቃ ሆነ፣ ከዚያ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አለፈ። ወሬው ወጥቶ መንበረ ስፌቷን ጥላ መጣች፤ እናቶችም ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ከበቡ።

«ውጣ!» አለ ጀማሉ። «ውሃው ጉልበትህን ያዘ አይደል? ውጣ እንጂ!»

«ትንሽ ቆይ፣ ባልዲውን ላክልኝ» አለ ተካ ከታች።

«በአላህ ይሁንብህ፣ ውጣ!»

«ቆይ አልኩህ እኮ! ይህቺን ጥግ ላስተካክል!»

ጀማሉ ወደ መንበረ ዞሮ፣ «ይኸውልሽ፣ አሁን ደግሞ እንቢ ብሎኛል» አላት። እያጉረመረመ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታው ያስታውቃል።

ተካ በመጨረሻ ሲወጣ እስከ ጭኑ ጭቃ ነው፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። መንበረ እጁን አየች።

«በርዶኝ ነው» አላት።

መንበረ ሁለቱንም እጆቹን በእጆቿ ያዘቻቸው። እንደ በረዶ ቀዝቅዘው ነበር። «እውነትህን ነው» አለችና ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለቻቸው።