ጓንት አድርጊ ያለችኝ ጓደኛዬ

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ዩኒፎርም ልገዛ መርካቶ ወርጄ፣ ልብስ ተራ ጋ ስደርስ አንዲት ሴት በስሜ ጠራችኝ። ገና ዞር ሳልል ድምፅዋን አወቅሁት። መሠረት ናት።

ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላን እዚያው በእናቷ ሱቅ አብረን ሻርፕ እንሸጥ ነበር። ክረምት ላይ ጭቃው ደንበኛ ስለሚያስቀር፣ በር ላይ ተቀምጠን የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን ስንስቅ እንውል ነበር።

አንድ ክረምት ታዲያ ጣቶቼ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣ። ለምጽ ነበር። እንደማይተላለፍ ሐኪሙ ሲነግረኝ መሠረትም አብራኝ ነበረች፤ በጆሮዋ ሰምታለች። ነጩ እጄን እያዳረሰ ሲመጣ ግን አንድ ቀን ጥቁር ጓንት አምጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አድርጊው» አለች፣ ወደኔ ሳታይ። «ደንበኞች እየጠየቁ ነው።»

«ምን ብለሽ መለስሽላቸው?»

ሻርፖቹን ማጣጠፍ ጀመረች። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም።

ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት አስጠላኝ። በወንድሜ ስልክ ፌስቡክ ከፍቼ «ለምጽ» ብዬ ስፈልግ፣ እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚጨዋወቱበት ግሩፕ አገኘሁ። በሌላ ስም ገባሁ። አልማዝ የምትባል የአዳማ ሴት «እንኳን መጣሽ እህቴ፤ ፎቶ ባትለጥፊም ቤትሽ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ታክሲ ውስጥ ከጎናቸው ስለሚነሳባቸው ሰው ይጽፋሉ፤ በዚያው ላይ ይቀልዳሉ። መሳቅ የጀመርኩት እነሱ ጋ ነው። ከወራት በኋላ የእጄን ፎቶ ለጠፍኩ።

እናቴ ስታርፍ አልማዝ ከአዳማ መጣች። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እጄን በሁለት እጆቿ ይዛ አጠገቤ ዋለች።

«ማን ናት?» አለኝ ወንድሜ።

ከየት እንደምጀምር ጠፋኝና «የኔ ሰው ናት» አልኩት።

መሠረት አልመጣችም። እናቴ ሁለተኛ ልጄ ነበር የምትላት። ሰው በገባ ቁጥር ቀና እል ነበር።

«ጠፋሽ እኮ» አለችኝ ባለፈው ሳምንት፣ አቅፋ እየሳመችኝ። ሱቁ አሁን የሷ ነው። ስለ ልጆች ተጠያየቅን። «ያኔ እናትሽ...» ብላ ስትጀምር ደንበኛ ጠራትና ሄደች።

እጆቼ ያን ሁሉ ጊዜ ነጠላዬ ውስጥ እንደነበሩ ያስተዋልኩት ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ግሩፑ ውስጥ ስንቱን አዲስ ሰው አይዞሽ፣ አትደብቂ ስል ኖሬያለሁ። ደህና የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።