በየሦስት ሺው

ጋራዡ ግቢ ውስጥ ለተራ ጠባቂ የተደረደረውን ወንበር ንቀው ከአሮጊት መኪናቸው ጎን ቆመዋል። ሴትዮዋ ስድሳን የዘለሉ ይመስላሉ። ጫማቸው ተወልውሏል፤ አናት በሚበሳ ፀሐይ የሹራባቸው እጅጌ እስከ አንጓቸው ወርዷል። ኮፈኑን ራሳቸው ከፍተው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ፤ በመሐረባቸው ጠርገው መልሰው ከተቱት፤ እንደገና አውጥተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ጠቁሯል» አሉ፣ ልጅ እንደሚገሥጽ ሰው።

መካኒኩ በአገጩ ወደ እኔ መኪና ጠቆመ። «እትዬ፣ የዘንድሮዎቹን ይዩ! ዘይት ሳይቀየርላቸው አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። የእርስዎ ግን በየሦስት ሺው ካልተቀየረላት ሞተሯ ያበቃለታል። ይሽጧትና ይገላገሉ።»

«ምን አድርጋኝ ነው የምገላገላት? መንገድ ላይ ጥላኝ ታውቃለች?»

«ኧረ አታውቅም። ግን ድካሙ...»

«ድካሙ የእኔ ነው። አንተን ግፋ ያለህ የለም።»

ዘንጉን ሊመልሱ ሲያጎነብሱ እጅጌያቸው ተሰበሰበ። ክንዳቸው ላይ በፕላስተር የተያዘ ጥጥ አለ፤ ከሥሩ ደም ሥራቸው እንደ ገመድ አብጧል። አክስቴም እንዲህ ያለ ክንድ ነበራት፤ ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠብ ነበር።

መካኒኩም አይቶ ኖሮ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

እጅጌያቸውን አልመለሱትም። «ምን አቀረቀርክ?» አሉት። «ቶሎ ቶሎ ካልታጠበ የማይሠራ ሁሉ ይሸጥ ካልክ፣ እኔንስ ማን ሊገዛኝ ነው? በል ዘይቱን ቀይር!»