ሰሃቦቹ ያረፉበት ዋርካ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ወልድያ

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ሰው ሰቆጣ የሚሄደው ለሰርግ፣ ለለቅሶ ወይ ለንግድ ነው። እኔ የምሄደው ለዳኝነት ነው። የነቢዩ ባልደረቦች፣ ሰሃቦቹ፣ የመካን ግፍ ሸሽተው ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ያረፉት በየትኛው ዛፍ ሥር ነው? ለዚህ ሹመት ያበቃኝ ስለ ጥንታዊ እስልምና በጋዜጣ የምጽፈው ዓምድ ነው። አንባቢዬ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ግን ጀማል ሆኖ ተገኘ።

ጀማል አዲስ አበባ ስልክ የሚጠግን፣ የሰቆጣ ጎረቤት የፃግብጂ ልጅ ነው። የሰቆጣዋን ዘይነብን አጭቷል። ሽማግሌ ተልኳል፣ የሙሽራዋ ስጦታ፣ መህሩም ተቆርጧል። የቀረው የጋብቻው ውል፣ ኒካሁ፣ የሚታሰርበት ቦታ ብቻ ነው። የእሷ አባት፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ፣ «ሰሃቦቹ ባረፉበት በእኔ ዋርካ ሥር ይታሰራል» ይላሉ። የእሱ አባት ሸህ አራጋው ደግሞ «ያረፉት ፃግብጂ፣ በእኔ ዋርካ ሥር ነው» ብለው ድርቅ ብለዋል። ክርክሩ ክረምቱን ሙሉ ዘለቀ። ዘይነብ ታክቷት ጅዳ ለሥራ ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ሁለቱም ይሰማሉ፤ ይድረሱልኝ» አለኝ ጀማል በስልክ።

ረፋድ፤ መንገድ ላይ

አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የተጠቀለለ ቆርቆሮ። የታሪፉ ዋጋና እኔ የከፈልኩት አይተዋወቁም። ከጠመዝማዛው አቀበት ጀምሮ አቧራው በመስኮት ይገባና ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ሾፌሩ በየኩርባው ያማትባል፤ መሪውን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው።

«ለምን ጉዳይ ነው ሰቆጣ?» አለኝ።

ነገርኩት።

«በዚህ መንገድ መጥተው ከሆነ» አለ ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ጀነት ሲያንሳቸው ነው።»

ከሰዓት፤ ሰቆጣ

ሐጂ ሰይድ ከመናኸሪያው በባጃጅ ተቀብለው በቀጥታ ከሱቃቸው ጓሮ ወዳለው ዋርካ ወሰዱኝ። ዕቃዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። ሥሩ አጠገብ ጎድጎድ ያለ ድንጋይ አለ።

«ይኸውልዎ! ውዱእ ያደረጉበት፤ ለሶላት የታጠቡበት።»

ድንጋዩ ጠርዝ ላይ የሲሚንቶ ርዝራዥ አየሁ።

ሸህ አራጋው ቀድመውን ደርሰው ኖሯል። በእጃቸው ከዋርካቸው የቆረጡትን ቅርንጫፍ ይዘዋል። «እዩት! ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው የጎበጠው። ዛፉ አብሯቸው ሰግዷል፤ ወላሂ!»

«ቅርንጫፉን ስትቆርጠው ሰሃቦቹን አላሳዘንክም?» አሉ ሐጂ።

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ብዬ ወረቀቴን አወጣሁ። ስደተኞቹን ተቀብሎ ያስጠለላቸው ንጉሥ መቀመጫው ወደ ሰሜን እንደነበረ፣ በዋግ በኩል ማለፋቸውን የሚናገር አንድም ጽሑፍ እንዳላየሁ ነገርኳቸው። ሁለቱ አባቶች ክረምቱን ሙሉ ያልተስማሙት፣ አሁን በአንድ አፍ ተነሡብኝ።

«ይኼን ለመንገር ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጡት?»

ወዲያው ደግሞ ወደ ነገራቸው ተመለሱ። «ውሃ ያጠጣቸው የእኔ አያት ነው!» አሉ ሸህ አራጋው። «ያንተ ምንጭማ በበጋ ይደርቃል!» እኔ ምራቄን ለመዋጥ እየታገልኩ ነበር።

ዘይነብ ፓስፖርቷን እንደያዘች ከጓሮው በር ብቅ አለች።

«አባዬ» አለች። «ሰሃቦቹ ከዓረብ አገር ሸሽተው ወደዚህ መጡ። እናንተ በእነሱ ስም እኔን ወደዚያው ልትሸኙኝ ነው። ንጉሡ የመካ መልእክተኞች ሰዎቹን መልስልን ሲሉት የማያውቃቸውን እንግዶች አሳልፎ አልሰጠም። እናንተ ልጃችሁን ለአንድ ዛፍ? ይኸው ደግሞ እንግዳችሁ ከመጣ ጀምሮ ከንፈሩ ደርቋል። ውሃ ያጠጣው ማነው?»

ሸህ አራጋው ቅርንጫፉን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ሐጂ ሰይድ ዓይናቸውን በፎጣቸው ጠረጉና ወደ ቤት ሮጡ፤ ሸህ አራጋው ደግሞ ደጅ ወዳሰሯት በቅሏቸው። አንደኛው በጣሳ ሌላኛው በቅል ብርዝ ይዘው እኩል ደረሱ። ነጭ የዋግ ማር ነው፤ የማንን እንዳስቀደምኩ እዚህ አልጽፍም።

ጣሳው ሳያልቅ ስምምነቱ አለቀ። ኒካሁ በሐጂ ዋርካ ሥር፣ ድግሱ በሸህ አራጋው።

«ሰሃቦቹም እንደዚሁ ነው ያደረጉት» አሉ ሐጂ። «ቀን እዚህ ዋሉ።»

«ማታ እኔ ዘንድ አደሩ» አሉ ሸህ አራጋው።

እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዓርብ፤ ከጁምዓ በኋላ

ኒካሁ ታሰረ። ፃግብጂ ገብቶ ውጤቱን ሲጠብቅ የሰነበተው ጀማል ሲያለቅስ ሚዜው «ሰው እያየህ ነው» ይለዋል። ዘይነብ ፓስፖርቷን ለእናቷ ሰጠች፤ እናቷም ሳጥን ከፍተው በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ጎረቤት ፊት ቆለፉበት። ሙክቱ ፃግብጂ ላይ እስከ ማታ ተበላ።

ቅዳሜ፤ መመለሻ

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ለአውቶቡሱ ሁሉ ያወራሉ።

«ሰሃቦቹ በሰቆጣ ማለፋቸው ተረጋገጠ እኮ! ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ዓሊም መጥቶ መሰከረ። ረጅም፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ።»

እኔ አጭር ነኝ፤ ጺምም አላበቀልኩም። ላርማቸው አፌን ስከፍት አቧራው ቀደመኝና አሳለኝ። ሽማግሌው ከፌስታላቸው የውሃ ኮዳ አውጥተው ዘረጉልኝ።

«ይጠጡ እንጂ! እኛ እኮ ሰሃቦቹን ያጠጣን ሰዎች ነን።»

ተቀብዬ ጠጣሁ። ለዚህኛው ማስረጃ አለኝ።