ለኳስ ቡድናችን የመጣው የሆኪ አሰልጣኝ

ሰው መመዘን የተማርኩት ከፍሪጅ ነው። ጆርጂያ ውስጥ፣ ቻምብሊ በምትባል ከተማ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ ያገለገለ ፍሪጅ፣ ፍሪዘርና የልብስ ማጠቢያ የምሸጥበት ሱቅ ነበረኝ። ትምህርት ቤት ምን እንዳስተማረኝ ብዙም አላስታውስም፤ ፍሪጅ ያስተማረኝን ግን አልረሳም። ባዶውን ሁሉም ያቀዘቅዛል። ሰክተህ እጅህን ስትሰድበት በረዶ ነው፣ ደስ ብሎህ ትገዛለህ። ጉዱ የሚወጣው ቤትህ ወስደህ ሥጋ ስትሞላበት ነው። ስለዚህ እኔ ከመግዛቴ በፊት ውሃ የሞላ ጀሪካን አጭቄበት አሳድረዋለሁ።

ኳስ ባልጫወትም በዚህ ጠባዬ የተነሳ የሀበሻው ኳስ ቡድን ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። ቡድናችን በየዓመቱ ሰመር ላይ ከየስቴቱ ተሰባስበን በምናደርገው ውድድር ከጭራ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ሆስፒታል የሚያድሩ፣ ዴሊቨሪ የሚነዱ ናቸው። ከእረፍት በፊት አንበሳ ናቸው፤ ከእረፍት በኋላ የተዋሱትን እግር ባለቤቱ መጥቶ የወሰደባቸው ይመስላል።

አሰልጣኛቸው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ስኔልቪል የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቡድኑን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ማሊያውን የሚያሳጥቡት እሳቸው፣ ኳሶቹን በመረብ ከረጢት አድርገው የመኪናቸው ትራንክ ውስጥ ይዘው የሚዞሩትም እሳቸው። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ እሑድን እሑድ የሚያደርግላቸው ያ ከረጢት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ፍሪዘር ሊገዛ ሱቄ መጣ። ብሩክሄቨን ነው የሚኖረው፤ አጋዘን እያደነ ሥጋውን የሚያስቀምጥበት ፈልጎ ነው። እንደሌላው ገዢ በቡጢ አላንኳኳም። የበሩን ጎማ በጣቱ ዳበሰና «የሸጠልህ ሰው ለምን ሸጠው?» አለኝ። ይህን የሚጠይቅ ገዢ ብዙ የለም። ስናወራ ለካ ሙያው አሰልጣኝነት ኖሯል፤ የሆኪ፣ ያውም ደመወዝ የሚከፈልበት፣ በቀዝቃዛ ከተሞች። ሚስቱ እዚህ ሥራ አግኝታ ተከትሏት መጣ። ከተማችን ደግሞ ትልቁ የሆኪ ቡድኗ ጥሏት ወደ ብርድ አገር ከሄደ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ሰውየው ዝናብ ያቆመበት አገር ላይ ጃንጥላ ይዞ የደረሰ ነጋዴ ሆነብኝ።

ኮሚቴው ፊት እንደ ቀልድ አነሳሁት። ሊቀ መንበሩ ግን ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ፕሮፌሽናል ነው እያልከኝ ነው?»

«የሆኪ እኮ ነው።»

«ፕሮፌሽናል ፕሮፌሽናል ነው!»

«ቆይ፣ ሆኪ ምንድን ነው?» አለ ገንዘብ ያዡ።

«የገና ጨዋታ በለው፤ በረዶ ላይ የሚጫወቱት።»

«ታዲያ የበረዶ ሰው ለጆርጂያ ሙቀት ምን ሊሆነን?»

ተሳሳቁ። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ፍሪጅ ታውቃለህ፣ አንተው መርምረው። ይሆናል ካልክ ጋሼን አመስግነን እናሰናብታለን» አለ። ለሙሽራ ቤተሰብ ዘር እንዲያጣራ የተላከ ሽማግሌ ሆንኩ ማለት ነው።

ወሬው ስኔልቪል ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። በሳምንቱ ጋሼ የኳስ ከረጢታቸውን ይዘው ሱቄ ገቡ።

«ፈረንጁን መርምር ብለውሃል አሉ፣ ልጄ።»

«ብለውኛል፣ ጋሼ።»

«መልካም። ሰውየው ይሆናል ካልክ ለእኔ ቀድመህ ንገረኝ። ኳሶቹ አንተ ጋ ይቀመጡ። ሰው ፊት ከማስረክብ ከዚህ ይውሰዳቸው።»

ከረጢቱን ከአንድ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ አስቀመጡት። ማሽኑን አየት አድርገው፣ «ይኼ ይሠራል?» አሉኝ።

«ይሠራል።»

«አርጅቷል እኮ።»

«አርጅቷል፤ ግን ይሠራል።»

ከረጢቱን እዚያው ትተው ወጡ።

ፈረንጁን ልምምድ እንዲያይ ወሰድኩት። መንገድ ላይ የራሱን ጥያቄ መልሼ ለእሱ ጠየቅሁት፤ የመጨረሻው ቡድንህ ለምን አሰናበተህ አልኩት።

«ስለተሸነፍን።»

ዳኛው፣ የቡድኑ ባለቤት፣ የተጫዋቾች ጉዳት እያለ ይቀጥላል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሜዳው ይርቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ስነግድ፣ ለምን ሸጥከው ሲባል «ስለሚያፈስ» ብሎ የመለሰልኝ ሰው የለም።

ልምምዱን አይቶ ሲያበቃ፣ «ከየት ነው የሚመጡት?» አለኝ።

«ከሥራ።»

«ጨዋታ ላይ ማን ይቀይራቸዋል?»

«ማንም።»

«ለምን?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። እንግሊዝኛዬ የንግድ ነው፤ ይሉኝታ የሚባል ዕቃ ደግሞ ሸጬ አላውቅም። ስለዚህ ታሪኩን ነገርኩት። ጋሼ አንድ ጊዜ አንድ ተጫዋች ከሜዳ አስወጡ። ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በዚያው ሄደ። ሚስቱ የጋሼን ባለቤት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰላም ማለት ተወች። ለማስታረቅ ሽማግሌ ተላከ፣ በግ ታረደ። ከዚያ ወዲህ በሸክም ካልሆነ በቀር ከሜዳ የሚወጣ ሰው የለም።

ፈረንጁ አልሳቀም። በሆኪ አንድ ሰው በረዶው ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ወጥቶ እንደሚያርፍ፣ ከዚያ ተመልሶ እንደሚገባ፣ ጎበዙም ሰነፉም እኩል እንደሚወጣ አስረዳኝ።

«ማንም አይቀየምም?»

«ለመቀየም ጊዜ የለውም። ተመልሶ ይገባላ።»

ባዶው ፍሪዘር ጥሩ አድርጎ አቀዘቀዘ። የቀረው ጀሪካን አጭቆበት ማየት ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቻምብሊ ፓርክ ውስጥ ከአንድ የሜክሲኮዎች ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ያዝን። የወጣ ተመልሶ መግባት ይችላል ተባብለን ተስማማን፤ ኳሱም የእነሱ ነበር። ጋሼ ታጣፊ ወንበራቸውን ከሰው ለየት አድርገው ዘርግተው ተቀመጡ። ያን ቀን ለሙከራ ቡድኑን የያዘው ፈረንጁ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ውጣ ብሎ ጣቱን ቀሰረ። የቀሰረውም አምበሉ ላይ ነው። አምበሉ የሚስቴ ወንድም ነው።

«እኔን?» አለ ደረቱን ይዞ። ከዚያ ፈረንጁን ትቶ እኔን አየኝ። «አንተ ነህ ያመጣህብኝ!»

የእግር መከላከያውን መዞ ሣሩ ላይ ወረወረና ወደ መኪናው አቀና። የዚያን ቀን እራቴ ምን እንደሚመስል ከወዲሁ ታየኝ። ሊቀ መንበሩ እየሮጠ መጥቶ «አለቀ! ቡድኑ ፈረሰ!» ይለኛል።

ጋሼን አየሁ። ምንም ማድረግ አይጠበቅባቸውም ነበር። ዝም ብለው ቢቀመጡ ፈረንጁ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፣ ከረጢቱም ወደ ትራንካቸው ይመለሳል። እኔ ብሆን ቁጭ እል ነበር፤ ነጋዴ ነኝ። እሳቸው ግን ተነሡ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብለው ጮኹ። «አንተ! ና ወዲህ!»

«ጋሼ፣ ሰው ፊት አዋረደኝ እኮ።»

«ምን አዋረደህ? ውሃ ጠጣ ነው ያለህ። ከሌሊት ሺፍት መጥተህ አይደል? በል ቁጭ በል፣ ትገባለህ።»

የራሳቸውን ወንበር ሰጡት። ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርገው አጠገቡ ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ፈረንጁ ጠቆመው፣ ገባ። ከዚያ ሌላው ወጣ፣ ሌላው ገባ፤ የወጣው ሁሉ ያንን ወንበር፣ ያንን ፎጣ፣ የጋሼንም ሁለት ቃል ያገኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሰማሁ፤ ስለ ኳስ አልነበረም። አንዱን እናትህ እንዴት ናት ነበር የሚሉት።

ፈረንጁ ክንዴን ነካ አደረገኝና ጋሼን አሳየኝ። «በሆኪ ተቀያሪዎች የሚቀመጡበት በግድግዳ የታጠረ ነው፣ በር አለው» አለኝ። «በሩን የሚከፍት ሰው ከሌለ እኔ የምጮኸው ለግድግዳ ነው።»

ተሸነፍን። በአንድ ጎል ነው፤ ያውም መጨረሻ ላይ እየሮጥን የነበርነው እኛ ነን። አምበሉ እራት ላይ ሳያኮርፍ በላ፤ ሚስቴ ምን አደረጋችሁት አለችኝ።

ሰኞ ሱቄን ስከፍት ጋሼ ደጅ ላይ ቆመዋል።

«እህስ?»

«ይሆናል፣ ጋሼ። ለኮሚቴው ገና አልነገርኩም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም አይቻለሁ። ይሆናል።» ወደ ማጠቢያው ማሽን አየት አደረጉ። «ይምጣና ይውሰዳቸዋ።»

«አይወስድም። ብቻውን አይሆንማ። እሱ ማስወጣት ያውቃል፣ የወጣውን ማስቀመጥ ግን አያውቅም። ለኮሚቴው የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ሁለታችሁም ወይም ማናችሁም።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «አዝነህልኝ እንዳይሆን።»

«ጋሼ፣ እኔ አዝኜ ዕቃ ገዝቼ አውቃለሁ?»

ይኼኔ ሳቁ። ጎንበስ ብለው ከረጢቱን አነሡና ኳሶቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረጉ።

«አንዱ ተንፍሷል።»

«ሲመጣም ተንፍሶ ነው። ላገለገለ ዕቃ ዋስትና አልሰጥም» አልኳቸውና ትራንካቸውን ልከፍትላቸው ቀድሜያቸው ወጣሁ።