ከአዲስ ይሻላል

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ነበር። ጨክኖ የማይጥል፣ ራርቶም የማይተው ዓይነት ዝናብ ነው። እንዲህ ባለ ቀን የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ ያልደረቀው ሁሉ ደግሞ በካውያ እንዲደርቅ ወደ እኔ ይመጣል። የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፣ ተኳሽ ነኝ። ስሙ የወታደር ይመስላል እንጂ ሥራው ከሸሚዝ ጋር ነው።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትታመም እኔ ከአምስተኛ ክፍል ወጣሁ፣ እሱ ገና ይድህ ነበር። አድጎ ኤሌክትሪክ ተማረና አንድ ደረጃ ሥር ጠባብ ክፍል ይዞ ምድጃና ካውያ መጠገን ጀመረ። የጠገነውን ሲመልስ ሁልጊዜ «ከአዲስ ይሻላል!» ይላል። ሰፈርተኛውም እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ «ከአዲስ ይሻላል» ይለው ጀመር።

እውነትም ይሻል ነበር። የእሱ እጅ የነካው ካውያ ቶሎ ይግላል። የእኛን ሁለት ካውያዎች በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጠገናቸው እሱም አያውቀው።

በዚያ ሰሞን ግን ፊውዙ አስቸገረን። እኔና ባልደረባዬ ሁለቱን ካውያ አንድ ላይ ከሰካን ብዙም ሳይቆይ ድርግም! ባልደረባዬን «ሹክሹክታ» ነው የምንላት፣ ስታንሾካሹክ ሦስተኛው ቤት ድረስ ስለሚሰማ። አንድ የደንበኛ ሸሚዝም ደረቱ ላይ የካውያ መልክ ታትሞበት ቀረ። ያን ዝናባማ ጠዋት የቤቱ ባለቤት ሸሚዙን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርገው መጡ።

«አንቺ፣ እጅሽ ደህና አይደለም» አሉኝ።

«እጄ ያው የድሮው ነው፣ እሜቴ።»

«ፊውዝ የሚበላ እጅ አላስቀምጥም። ዛሬ መብራቱ አንዴ ከጠፋ፣ ነገ ሌላ ተኳሽ እፈልጋለሁ።»

ወንድሜን አስጠራሁት። ዣንጥላው ወደ ላይ ተገልብጦበት፣ ውሃ እየተንጠባጠበ ገባ።

«እትዬ፣ ማነው እጅሽን የሚያማው?»

«ዝም በልና ሥራህን ሥራ።»

«የግድግዳው መስመር ነው፣ ሳላየው አውቄዋለሁ።»

«ካውያዎቹ ቢሆኑስ?»

«ካውያዎቹን የጠገንኳቸው እኔ ነኝ!» አለ፣ እንደተሰደበ ሰው።

እድፍ የምናመለክትበትን ጠመኔ አንስቶ የመተኮሻ ጠረጴዛው እንጨት ላይ ይጽፍ ጀመር። ባለቤቷ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ቅረቢ። ካውያው ላይ ምን ይላል? 220 ቮልት፣ 880 ዋት። ዋት የሚገኘው ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። እንግዲህ 880ን ለ220 አካፍዪ።»

«አራት» አልኩ። ማካፈልን ሳልማር አልወጣሁም።

«አራት አምፔር! ሁለት ካውያ፣ ስምንት። ፊውዙ የሚችለው አሥር። ስለዚህ ጥፋቱ የግድግዳው ነው!»

«ለካኸው?» አሉ ባለቤቷ።

«ምን ይለካል እሜቴ፣ ሒሳቡ ይኸው።»

«ለካው።»

ሽቦ ቆንጥጦ አምፔር የሚያነበውን መለኪያ አወጣ። አንዱን ካውያ ሰክቶ አየ። መለኪያውን በጣቱ ኮረኮመውና ደግሞ አየ። ከዚያ ያንን ነቅሎ ሁለተኛውን ሰካ።

«ስንት ይላል?» አልኩት።

«ስምንት።»

«ሁለቱ አንድ ላይ?»

«አይ። እያንዳንዳቸው።»

አሥራ ስድስት ማለት ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ ደመርኩት።

ወንድሜ ድምፁ ቀነሰ። «ቮልትን ለአምፔር ሲያካፍሉት ሽቦው መብራቱን ምን ያህል እንደሚገታ ይታወቃል፤ ሬዚስታንስ የሚባለው ነው፣ በኦም ይለካል። ካውያው አዲስ ሳለ 220 ለአራት፣ ሃምሳ አምስት ኦም። አሁን ግን 220 ለስምንት...» ጠመኔው ቆመ። «ሃያ ሰባት ተኩል።»

«ግማሽ!» አለች ሹክሹክታ በቀስታ፣ መንገደኛው ሁሉ ሰማ። «ሌላው ግማሽ የት ገባ?»

የት እንደገባ እኔ አውቃለሁ። ካውያው ውስጥ ያለው ጥምዝ ሽቦ በተቃጠለ ቁጥር ወንድሜ የተቃጠለውን ጫፍ በፒንሳ ይቆርጥና የቀረውን ስቦ ይቀጥለዋል። ቁራጩ ደረጃው ሥር ባለው ክፍሉ ወለል ላይ ይወድቃል። ማታ ከሥራ ስወጣ ያን ወለል የምጠርግለት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ የካውያዎቻችንን ግማሽ ጠርጌ ስደፋ ኖሬአለሁ። ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚገታው እያነሰ፣ የሚያልፈው መብራት እየበዛ ሄደ፤ ከአዲስ ይሻላል የተባለው ግለት እሱ ነበር። ግማሽ ሆኖ እጥፍ የሚሠራ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«እህ?» አሉ ባለቤቷ። «ግድግዳው ነው?»

እሳቸው የጠመኔውን ጽሑፍ አይከታተሉም። «አዎ» ብሎ ቢወጣ ስሙ እንዳለ ይቀርለታል፤ እኔ ግን፣ መብራቱ ዳግም ሲጠፋ፣ በማግስቱ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ካውያው አየሁ። ስንት ዓመት ተሸክሜው አሁን ለምን ላስጨንቀው?

አፍንጫውን በጠመኔያም እጁ አሻሽቶ ነጭ አደረገው።

«አይ እሜቴ። ግድግዳውም ጤነኛ ነው፣ የእህቴም እጅ ጤነኛ ነው። የታመመው የእኔ ጥገና ነው። 880 ዋቱን ካውያ 1760 አድርጌዋለሁ። ሸሚዙን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ እዚያ ደረጃ ሥር ቁጭ ብዬ።»

ባለቤቷ ያጣመሩትን እጃቸውን ፈቱ። «ታዲያ ከአዲስ አይሻልም በለኛ?» አሉት።

«ከአዲስ ይብሳል» አለ።

ባለቤቷ ሳቃቸው እንዳይታይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ሙሉ ሽቦ፣ አዲስ፣ ዛሬውኑ አስገባ! አንቺስ ምን ቆመሻል? ልብሱን ዝናቡ አያደርቀው!»

ከሰዓት በኋላ አዲሱን ሽቦ አስገብቶ ለካ። አራት፣ አራት። ሁለቱንም ሰካን፣ ፊውዙ ዝም አለ።

አሁን ወንድሜ እዚያው ደረጃ ሥር ነው። የተቃጠለ ሽቦ አይቀጥልም፤ ሙሉውን ይቀይራል፣ ሳይለካም አይመልስም። ደንበኞቹ «ድሮ ቶሎ ይግል ነበር» እያሉ ያማርሩበታል። ቅጽል ስሙ አልለቀቀውም። እኔም እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በአራት አምፔር እተኩሳለሁ።