የኤልፍነሽ ሜትርና የእማማ ስንዝር

ኤልፍነሽ ከአዲስ አበባ ሱዳን፣ ከሱዳን አትላንታ ስትገባ ከእጇ ያልጠፋ አንድ ንብረት ቢኖር የልብስ ሰፊ ሜትሯ ነበር፤ በሳንቲሜትር ብቻ የተከፋፈለ። ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ብትውልም፣ ሙያዋን ሰው እንዳይረሳባት ሜትሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ትሄዳለች። የአሜሪካኖቹን ኢንችና ጫማ ስትሰማ ያንገሸግሻታል። «ጨረቃ ላይ የወጣ ሕዝብ በእግሩ ይለካል? ክንድና ስንዝሩን ትተን ብንመጣ እግር ይጠብቀን?» ትላለች።

እንደ ፈረንጆቹ በ1985 ሚስ ኮራ፣ ኮንየርስ ከተማ ካለችው ልጃቸው ቤት ሊገቡ ሆነ። ኤልፍነሽንና ጓደኞቿን ከስደተኞች ካምፕ አስመጥተው ኤርፖርት ድረስ ወጥተው የተቀበሏቸው የቤተ ክርስቲያን አሮጊት ናቸው፤ ኤልፍነሽንም ባገኙት ሰው ፊት ሁሉ «የኔ ባለሙያ ልብስ ሰፊ» እያሉ ያስተዋውቃሉ። የመሰናበቻ ምን እንስጥዎ ቢባሉ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ የአልጋ ልብስ፣ ቁመቱ ሁለት ያርድ፣ በሜትር አንድ ከሰማንያ ሦስት ገደማ፣ አሉ። እኛ ድሪቶ ብለን የምንሸሽገውን እነሱ ለእንግዳ ያነጥፉታል፤ ምን ይደረግ፣ አገሩ የነሱ ነው።

ሥራውን ለሦስት ተካፈሉት፤ ኤልፍነሽ፣ ኖርክሮስ የምትኖረው ጓደኛዋ ወይንሸትና ሁለቱንም ካምፕ ውስጥ እንደ ልጅ የያዟቸው እማማ ፀሐይነሽ። ኤልፍነሽ አዘዘች፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ዐሥራ ሁለት ኢንች፣ ማለትም ሠላሳ ሳንቲሜትር። የተረፈችውን ግማሽ ሳንቲሜትር «የት ትደርሳለች?» ብላ ተወቻት።

ቅዳሜ ከሰዓት ወይንሸት ቤት ምንጣፍ ላይ ሲደረድሩት መስመሩ እንደ ሰካራም ይወላገድ ጀመር። የወይንሸት ቁራጭ ከኤልፍነሽ ይበልጣል፤ የእማማ ከሁለቱም ያንሳል።

«እኔ በኢንች ነው ሜዠር ያደረግኩት፤ ሩለሩ ይኸውልሽ» አለች ወይንሸት።

«እማማ፣ እርስዎስ በምን ለኩ?» አለች ኤልፍነሽ።

«በስንዝር ተኩል ነዋ» አሉ እማማ መዳፋቸውን ዘርግተው። «የፕላስቲክ ሜትር ይለጠጣል፤ እጄ ግን እጄ ነው።»

«አይ እማማ! አገር ቤት ጨርቅ በክንድ ሲገዙ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዘው ይወጡ ነበር፤ ሲሰጡ ጊዜ በራስዎ እጅ?» አለች ኤልፍነሽ።

«መግዛትና መስጠት አንድ ነው እንዴ?» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ጨርቅ ይቆረጣል እንጂ አይረዝምም፤ ትርፍ ጨርቅም አልነበረም። የሜትሯ እመቤት የራሷንም የወይንሸትንም በእማማ ስንዝር ልክ ከረከመችው። ተሰፍቶ ሲለካ ከሁለት ያርድ ሃያ ሳንቲሜትር ጎደለ። ኤልፍነሽ አለቀሰች። ያንገበገባት የጨርቁ ማጠር አልነበረም፤ «የኔ ባለሙያ» ያሏት ሴት በሰው ፊት ሊያፍሩባት ነው።

እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ ሰዉ አዳራሽ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሚስ ኮራ አልጋ ልብሱን ተቀበሉ። ጠርዙን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ አንድ። ደገሙ፤ ሁለት። ጨርቁ ጣታቸው ጫፍ ላይ አለቀ።

«ሁለት ያርድ!» አሉ በደስታ። «ከአፍንጫ እስከ ጣት፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ። ክር እንኳ አልጎደለም!»

ሚስ ኮራ ቁመታቸው ከኤልፍነሽ ትከሻ አይደርስም፤ ክንዳቸውም እንደዚያው ነው።

«ማነው እንዲህ አስተካክሎ የለካው?» ብለው ሲጠይቁ ኤልፍነሽ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። እማማ ቀደሟት።

«እሷ ናት በያቸው» አሉ ወይንሸትን፣ ወደ ኤልፍነሽ አንገት እያመለከቱ። «በሜትር።»

ወይንሸት ተረጎመች፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ኤልፍነሽ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጭብጨባው ግን አላቆመም።