ፊቴን ያዞርኩ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሣራ ዳላስ አጠገብ፣ ፕሌኖ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ይዛኝ ሄደች። እሷ መብራት ስትመርጥ እኔ መጻሕፍቱ ጋ ቆምኩ። አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ የፍቅር ኮሚክስ፣ ያ በሥዕል የሚተረከው ዓይነት፣ ተቀምጧል። ከላይ ባለው ሽፋን ላይ አንዲት ወርቃማ ጸጉር ያላት ልጅ እያለቀሰች ፊቷን ከአንድ ሰውዬ አዙራለች። ሣራ በትከሻዬ በኩል አየችና ሳቀች።

«አክስቴ፣ ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው? ሶ ከወደደችው ለምን ኦኬ አትለውም?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው?» አልኳት። ቀልድ መስሏት አለፈችው።

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከእነዚህ ጉዶች ነው። ከሱዳን ዳላስ በመጣሁ በዓመቱ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ማጠፍ ነው፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም ማንንም አያናግርም። የተከራየኋት ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከእኔ በፊት የነበረችው ሴት ሠላሳ የሚሆኑ ኮሚክሶች ትታ ሄዳለች። መዝገበ ቃላት ይዤ ጨረስኳቸው፤ ከዚያ ደገምኳቸው። ሌላ ምን ጓደኛ ነበረኝና!

ታሪኩ ሁሌም ያው ነው። ሥራዋን የምትወድ ሴት ትቀጣለች፤ ቀድማ «እወድሃለሁ» ያለች ትዋረዳለች። ጨዋዋ ግን «ተወኝ» ብላ ፊቷን ታዞራለች፣ ታለቅሳለች፤ እሱ ትከሻዋን ይዞ ወደ ራሱ ይመልሳታል፣ አለቀ። እንዳትስቁብኝ፤ እኔ ያደግኩበት ቤትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይላካል፣ ልጅቷ ጓዳ ሆና ታቀረቅራለች፣ «እሺ» የሚለው አባት ነው። እዚህ ደግሞ ለእኔ «እሺ» የሚልልኝ ሰው አልነበረም።

ጌታቸው ታክሲ ነጂ ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቴ ያደርሰኛል። ዝምተኛ ነው፤ ሲቀልድ ግን ራሱ ሳይስቅ ሰው በሳቅ ይገድላል። ሳምንቱን ሙሉ በአማርኛ እንደ ልቤ የማወራው እሱ መኪና ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር። ወደድኩት። በጣም ነው የወደድኩት።

የፍልሰታ ጾም ነው፤ የነሐሴው ሙቀት አስፋልቱን ያቀልጣል። አንድ እሑድ አፓርትማው በር ላይ ፓርክ አደረገና ከሀይዌይ ዳር የገዛውን የበሰለ ኮክ በወረቀት ከረጢት አወጣ። አንዱን በውሃ አጥቦ ሰጠኝ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ።

«አልማዝ፣ ሂዩስተን ሥራ አግኝቻለሁ» አለ። «ሽማግሌ እንዳልክ የአባትሽ ቤት እዚህ የለም። ራስሽን ልጠይቅሽ እንጂ ምን ላድርግ፤ ታገቢኛለሽ?»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን ያጠናውን ተናገረ። «አይሆንም፣ ተወኝ!» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። አለቀስኩም፤ እንባው እንኳ የእውነት ነበር። ከዚያ ትከሻዬን እስኪይዝ ጠበቅኩ።

«ይቅርታ፣ ላስከፋሽ ብዬ አልነበረም» አለኝ ቀስ ብሎ። የቀረውን ኮክ ደረጃው ላይ አስቀምጦ መኪናውን ሲያስነሳ ሰማሁ።

ይመለሳል ብዬ ነበር። ኮሚክሱ ላይ ይመለሳላ! ስልክ ቁጥሩ እጄ ላይ ነው፤ ጨዋ ሴት አትደውልም ብዬ ሳልደውል ቀረሁ። በሁለተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አላየሁትም። በሦስተኛው ሄዷል አሉኝ። አንሶላ እያጠፍኩ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዛሬ ወደ ስድሳ እየተጠጋሁ ነው። እዚሁ ዳላስ ዳርቻ፣ ዋይሊ ውስጥ ሦስት መኝታ ክፍል ያለው ቤት አለኝ፤ በሁለቱ የሚተኛ የለም። ከጌታቸው በኋላም የጠየቁኝ ነበሩ። አይሆንም ስላቸው ይስቃሉ፣ እጄን ይጎትታሉ፣ እንደገና ይመጣሉ፤ ልክ እንደ ሥዕሉ። አንዳቸውንም አልፈለግኩም።

ሰው «ለምን ሳታገቢ ቀረሽ?» ሲለኝ «ዕድል ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። አይሆንም ስል ቃሌን አክብሮ የሄደ አንድ ወንድ ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን አይሆንም ያልኩት፣ እሱ ቃሌን አይሰማም ብዬ ነው።